ሰርቨሩ አማርኛ ያውቃልን? በሊኑክስ ምናባዊ ኮምፒውተር ላይ የሚደረግ የጭነት ልምምድ

በሰንዳፋ የሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍቱን የካርድ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ወሰነ እንበል። መጻሕፍቱ በሦስት ቋንቋዎች የተጻፉ ናቸው፤ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ ደግሞ በግእዝ ፊደል። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ደህና ኮምፒውተር ብቻ ሲሆን እርሱም ለጽሕፈት ቤት ሥራ ይውላል። ይህን ኮምፒውተር ሳያበላሹ ሰርቨር መጫን ይቻላል ወይ? የተጫነውስ ሰርቨር ሦስቱንም ቋንቋዎች በትክክል መያዙ በምን ይታወቃል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው።

ምናባዊ ኮምፒውተር ምንድን ነው?

ምናባዊ ኮምፒውተር ወይም ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው። አስተናጋጁ ኮምፒውተር ከማስታወሻውና ከዲስኩ ቆርሶ ለእንግዳው ይሰጠዋል፤ እንግዳው ግን ራሱን የቻለ ኮምፒውተር እንደሆነ አድርጎ ይሠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። ዛሬ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያሉ ፕሮግራሞች ይህንኑ በማንኛውም ተራ ኮምፒውተር ላይ ያስችላሉ።

ለተማሪ ትልቁ ጥቅሙ ስሕተት የሚታረም መሆኑ ነው። ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት የእንግዳውን ሁኔታ በስናፕሾት ማስቀመጥና ሥራው ቢበላሽ ወደዚያው መመለስ ይቻላል። ይሁን እንጂ ስናፕሾት የሚቀመጠው በዚያው በአስተናጋጁ ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ ዲስኩ ከተበላሸ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የካታሎጉን ቅጂ በየጊዜው በሌላ ዲስክ ላይ ማኖር ያስፈልጋል።

የጭነቱ ቅደም ተከተል

1. ለእንግዳው 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ዲስክ እንሰጠዋለን፤ ለልምምድ ይበቃል።

2. ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት ያለ ግራፊክ ገጽታ እንጭናለን። ሰርቨር መስኮትና ሥዕል አያስፈልገውም።

3. አፕት በተባለው የጥቅል ማስተዳደሪያ አማካይነት አፓቼ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨርና ማሪያዲቢ የተባለውን የዳታቤዝ ሰርቨር እንጭናለን። ኢንተርኔት በዋናነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ካታሎጉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ በግቢው መረብ ብቻ ይሠራል።

4. የእንግዳውን የመረብ ግንኙነት ወደ ብሪጅድ እንለውጣለን። ቨርቹዋልቦክስ አስቀድሞ የሚሰጠው ናት የተባለው ዓይነት ግንኙነት እንግዳውን ከአስተናጋጁ ጀርባ ስለሚሰውረው፣ በቤተ መጻሕፍቱ ያሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ሊያገኙት አይችሉም።

5. ዳታቤዙን ስንፈጥር የፊደል አያያዙን ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ4 ብለን በግልጽ እንወስናለን።

ፈተናው በአማርኛ ይሁን

ብዙዎች የሚሳሳቱት በአምስተኛው ደረጃ ነው። ማሪያዲቢ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈለው ማይኤስኪውኤል ከተባለው የስዊድን ኩባንያ ካበቀለው ዳታቤዝ ነው። ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2018 ስምንተኛው እትም እስኪወጣ ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር፣ ጽሑፍን የሚያኖረው በላቲን ፊደል አያያዝና በስዊድንኛ የፊደል ተራ ነበር። ያረጀ እትም ወይም ያረጀ የቅንብር ፋይል የሚጠቀም ሰው ዛሬም ይህ ሊገጥመው ይችላል። በእንግሊዝኛና በአፋን ኦሮሞ ቢፈትነው ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አንድ ሺህ የአማርኛ መጻሕፍት ከተመዘገቡ በኋላ ግን አርእስታቸው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፊደሉ ጠፍቷልና መልሶ ማግኘት አይቻልም።

መፈተኛው ቀላል ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰንዳፋ» የሚለውን ቃል መዝግበን ዳታቤዙን ሁለት ነገር እንጠይቀዋለን፤ ስንት ፊደል ነው? ስንት ባይት ነው? መልሱ 4 ፊደልና 12 ባይት ከሆነ ትክክል ነው። 4 ፊደልና 4 ባይት ከሆነ የተቀመጡት አራት የጥያቄ ምልክቶች ናቸው። 12 ፊደልና 12 ባይት ከሆነ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ባይት አንድ የላቲን ፊደል አድርጎ ቆጥሮታል። ባይቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተለውጧል ማለት ነው። በጥቁሩ የትእዛዝ ገጽ ላይ ባዶ ሳጥኖች ቢታዩ ግን መደንገጥ አይገባም፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው የፊደል ቅርጹ እንጂ መረጃው አይደለም።

ኤምቢ4 ማለት እስከ 4 ባይት የሚይዝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 ውስጥ ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት 28 ፊደላት 4 ባይት ስለሚፈልጉ፣ በ3 ባይት የሚወሰነው አሮጌው አያያዝ ሊይዛቸው አይችልም።

ሞክሼ ፊደላት

ፊደሉ በትክክል ቢቀመጥም አንድ ችግር ይቀራል። «ሰበታ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ «ሠበታ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ አያገኝም። ለጆሮ አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ የ«ሰ» ቁጥር 1230፣ የ«ሠ» ደግሞ 1220 ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ ናቸው።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ከመዝገቡ መሰረዝ አይደለም። በግእዝ «ሰረቀ» ሌባ የሚያደርገውን፣ «ሠረቀ» ደግሞ ፀሐይ የምታደርገውን ያመለክታልና የደራሲው አጻጻፍ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ አርእስቱ እንዳለ ይቀመጥና ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይከፈታል። በዚህ ዓምድ ውስጥ ሞክሼዎቹ በሰባቱም ቅርጾቻቸው ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፤ ተማሪው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ደንብ ከተለወጠ በኋላ ይፈለጋል።

መልመጃ

በራስዎ ምናባዊ ኮምፒውተር ላይ «ቡራዩ» የሚለውን ቃል መዝግበው ርዝመቱን ይጠይቁ። 3 ፊደልና 9 ባይት ካገኙ ሰርቨሩ አማርኛን ይይዛል። ሌላ ቁጥር ካገኙ ወደ ስናፕሾቱ ይመለሱና አምስተኛውን ደረጃ እንደገና ይሥሩ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው።