ስለ ቡችላ አመጋገብ፤ ጡት ከሚጥልበት ጊዜ አንሥቶ እስኪጎለምስ ድረስ

ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

በሐይቅ ከተማና በአምባሰል አገር ውሻ ከሰው ጋር ተጎራብቶ የሚኖር እንስሳ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረት እንዳይቀርብ ይጠብቃል፤ ቀን ዝንጀሮ ከማሽላው ማሳ እንዳይገባ ከእረኛው ጋር ይውላል፤ በከተማም ሱቅና ግቢ ያስከብራል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ይህን ታማኝነቱን አይተው ነው። ነገር ግን ውሻው ምን በልቶ እንደሚጮኽ፥ የሚበላውንም ከየት እንደሚያገኘው የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም።

በንጽሕና መጽሔት ላይ ስለ ቡችላ ምግብ መጻፉ አንዳንዱን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው። በቤቱ ያልጠገበ ቡችላ ከቤት ይወጣል፤ ከቤት የወጣ ቡችላ በየጉድባው የተጣለውን ይበላል፤ የተጣለውን የበላ ቡችላ በአንጀቱ ትል ይዞ ይመለሳል፤ የትሉንም እንቁላል አብሮት ለሚጫወተው ሕፃን ያስተላልፋል። እንግዲህ የቡችላው ምግብ ጉዳይ የልጆቻችን ጤና ጉዳይ ነው ማለት ነው።

1ኛ. ጡት የሚጠባበትና ጡት የሚጥልበት ጊዜ

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተጨፈነ ነው፤ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀኖች ውስጥ ይገልጣል። እስከ 3 ሳምንት ድረስ ከእናቱ ወተት በቀር ሌላ ምግብ አያስፈልገውም። በተለይም በተወለደበት ቀን የሚጠባው እንገር በሽታን የሚቋቋምበትን ኃይል ስለሚሰጠው ከዚህ እንዳይጎድል መጠንቀቅ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ልንመግባት የሚገባን እናቲቱን ነው። የምታጠባ ውሻ ወተቷ በሚበዛበት ሰሞን ከወትሮው እጥፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ከእጥፍ የበለጠ ምግብ ትፈልጋለች። እርሷ በረሃብ ከሳች ማለት ቡችሎቹም ከሱ ማለት ነው።

በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት መካከል ሹሉ የወተት ጥርስ ብቅ ይላል። እናቲቱም ጥርሱ ስለሚያሳምማት ከቡችሎቹ መራቅ ትጀምራለች። ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። የገብስ ወይም የማሽላ ዱቄት በውኃ አብስሎ፥ እንደ አጥሚት አቅጥኖ፥ ጥቂት እርጎ ጨምሮ፥ ለብ ሲል በዝርግ ሳሕን ማቅረብ ነው። ቡችላው መጀመሪያ እግሩን ይነክርበታል፤ ቀጥሎ ይልሰዋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይለምደዋል። ከሳምንት በኋላ ተቀቅሎ የተፈረፈረ እንቁላል ወይም በሥጋ መረቅ የራሰ እንጀራ ይጨመርለታል። ምግቡም ቀስ በቀስ እየወፈረ ይሄዳል።

ስለ ላም ወተት አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። የላም ወተት ከውሻ ወተት ይልቅ ቅባቱና ሰውነት ገንቢው ክፍል ያነሰ፥ በአንጻሩ የወተቱ ስኳር የበዛ ነው። ስለዚህ ለብቻው በብዛት ቢሰጥ ቡችላውን ያስቀምጠዋል። በእርጎ ውስጥ ግን ከስኳሩ ከፊሉ ወደ ኮምጣጣነት ስለሚለወጥ ለሆዱ ይቀለዋል።

ቡችላው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጡት ፈጽሞ ይጥላል። ከ8 ሳምንት በፊት ግን ከእናቱ ነጥሎ መውሰድ አይገባም። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ጥርሱን እንዴት ማላላት እንደሚገባው ይማራል፤ ቶሎ የተነጠለ ቡችላ ሲያድግ ነካሽ እንዳይሆን ያሠጋል።

2ኛ. ከ2 ወር እስከ 6 ወር

የሚያድግ ቡችላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከጎልማሳ ውሻ እጥፍ ያህል ምግብ ያስፈልገዋል። ሆዱ ግን ትንሽ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ምግቡን በሚከተለው አኳኋን ከፋፍሎ መስጠት ነው፤

ከ4 ሳምንት እስከ 3 ወር፥ በቀን 4 ጊዜ፤
ከ3 ወር እስከ 6 ወር፥ በቀን 3 ጊዜ፤
ከ6 ወር እስከ 12 ወር፥ በቀን 2 ጊዜ፤
ከዚያ በኋላ፥ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ።

ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን። ቡችላው ያስተረፈውን እስኪኮመጥጥ ድረስ ከፊቱ ማቆየት ዝንብ መጥራት ስለ ሆነ ወዲያው ይነሣ። ንጹሕ ውኃ ግን ዘወትር አይለየው።

ለቡችላ እንጀራ ብቻ፥ ቂጣ ብቻ መስጠት አይበቃም። እህል ኃይል ይሰጣል እንጂ ሰውነት በመገንባት በኩል ብቻውን ደካማ ነው። ስለዚህ ከምግቡ ሁለት እጁ እህል ቢሆን፥ ሦስተኛው እጅ የበሰለ ሥጋ፥ እንቁላል፥ ዓሣ፥ ወይም በሚገባ የተቀቀለ ምስርና ሽምብራ ቢሆን መልካም ነው። የሐይቅ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ ተቀቅሎ፥ አጥንቱም አንድ ሳይቀር ተለቅሞ ከገንፎ ጋር ቢለወስ ለቡችላ እጅግ የተስማማ ምግብ ይሆናል። ዓሣ የሚበልት ሰው የሚጥለውን የራስ ሥጋ ለዚሁ ሊያውለው ይችላል።

«ለሰው ያልበቃ ምግብ ለውሻ እንዴት ይሰጣል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ይህ ነው። ለሕፃኑ የሚገባው እንቁላል ለቡችላ ይሰጥ ማለታችን አይደለም። መመገብ የሚቻለውን ያህል ብቻ እናሳድግ፤ ሁለት ውሻ አስርቦ ከማኖር አንዱን አጥግቦ ማኖር ይሻላል ማለታችን ነው። በጾም ወራትም አንዳንድ ቤት ሥጋና ወተት ስለማይገባ ቡችላው በሽሮ ትራፊ ብቻ ይሰነብታል። ቤተ ሰቡ ቢጾም ቡችላው ጾመኛ አይደለምና ጥቂት እርጎ ወይም እንቁላል አይከልከል።

አጥንት የሚጠናው በካልሲየም ነው። ሥጋም እህልም ካልሲየማቸው ጥቂት ነው። ከሥጋ በቀር ሌላ የማይበላ ቡችላ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩ ይጎብጣል፤ በትንሽ ዝላይም ይሰበራል። ለዚህ ብልኀቱ ቀላል ነው። የእንቁላል ቅርፊት አጥቦ፥ ቀቅሎና አድርቆ እንደ ዱቄት ማላም፥ ለግማሽ ኪሎ ሥጋም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መቀላቀል ነው።

ቡችላው መጥገቡን በዓይን ብቻ መመርመር አይበቃም፤ በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። የጎን አጥንቱ በጣት ሲዳበስ የሚሰማ፥ ከሩቅ ሲታይ ግን የማይቆጠር ከሆነ ምግቡ ልክ ነው። ቢቆጠር ይጨመርለት፤ ቢዳበስም የማይገኝ ከሆነ ይቀነስለት። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጀርባው የከሳ ቡችላ ግን የጠገበ አይደለም፤ ወስፋት የወረሰው ነው።

3ኛ. ከ6 ወር እስከ ጉልምስና

ከ4 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ 28ቱ የወተት ጥርሶች ረግፈው በምትካቸው 42 ቋሚ ጥርሶች ይበቅላሉ። በዚህ ሰሞን ድዱ ስለሚያመው ምግቡን ማለስለስ ይጠቅማል። ከ6 ወር በኋላ ዕድገቱ እየዘገየ ስለሚሄድ የምግቡ መጠን በክብደቱ ልክ ሲታሰብ ይቀንሳል። መካከለኛ ቁመት ያለው የአገራችን ውሻ በ12 ወር ገደማ ይጎለምሳል። ከዚያ በኋላ በመጠን ማብላት እንጂ እንደ ሕፃንነቱ ማብላት ውፍረትን ብቻ ያተርፋል።

4ኛ. ለቡችላ የማይሰጡ ነገሮች

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ወጣችን ያለ ሽንኩርት ስለማይሠራ የቡችላው ድርሻ ሽንኩርቱ ሳይነካው አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ። በርበሬና ብዙ ጨው ሆዱን ያቃጥሉታል። ዘቢብ፥ ቸኮላታና ቡና ለሰው የተስማሙ ቢሆኑም ለውሻ መርዝ ናቸው። የጠላ አተላም የሚያሰክር ኃይል ስላለው አይሰጥ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የሻገተ እንጀራና ዳቦ ሰውን እንደሚጎዳ ሁሉ ቡችላንም ይጎዳል።

5ኛ. ጥሬ የሆድ ዕቃና የሚያመጣው አደጋ

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንሻው ይህን ክፍል ነው።

በፋሲካና በገና፥ በአረፋም በዓል በየግቢው በግና ፍየል ይታረዳል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ውኃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ይዞ ከተገኘ ባለቤቱ «ይህስ አይበላም» ብሎ ለውሻው ይወረውረዋል። ለሰው አደገኛ የሆነውን ነገር ወደ ሰው ቤት መልሶ የሚያስገባውም ይህ ሥራ ነው።

ያ ፊኛ ኤኪኖኮከስ የሚባል የውሻ ኮሶ ትል እጭ የሚያድግበት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው እጮቹ በአንጀቱ ውስጥ ተጣብቀው ትል ይሆናሉ። ትሉ ቁመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ስለ ሆነ በዓይን ተፈልጎ አይገኝም፤ ውሻውም የታመመ አይመስልም። ከ6 ሳምንት ያህል በኋላ ግን የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ በሣር፥ በአትክልት፥ በውኃ፥ በራሱ በውሻው ጠጉር ላይም ይጣበቃል። በግ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ ሕፃኑም ቡችላውን አቅፎ ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ፊኛ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቀስ እያለ ያድጋል። በሕፃንነቱ የዋጠው ሰው በጎልማሳነቱ ሆዱን ወይም ደረቱን ታሞ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣለትም።

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚያስፈልገው አንድ ድስትና አንድ አካፋ ነው። ፊኛ ያለበት ጉበትና ሳንባ ይቃጠል፥ ወይም ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ለቡችላ የሚሰጥ የሆድ ዕቃም ሁሉ፥ ጤነኛ ቢመስልም፥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በፈላ ውኃ ይቀቀል። በእርድ ቀን ውሻ ታስሮ ይዋል።

6ኛ. ወስፋትና የእብድ ውሻ በሽታ

ወስፋት ከእናቲቱ ወደ ቡችላው ገና በማሕፀን ሳለና በጡት ወተት ይተላለፋል። ስለዚህ ንጹሕ ምግብ የበላ ቡችላም ከወስፋት ነጻ ነው አይባልም። የወስፋት መድኃኒት ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት፥ ከዚያም በየወሩ እስከ 6 ወር እንዲሰጠው ይመከራል። የኮሶ ትል መድኃኒትም ለብቻው አለ። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ይወስነዋል።

በ3 ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይከተብ፤ ከዓመት በኋላም ይደገምለት። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99ኙ በሽታው የሚደርስባቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1885) ለተነከሰ ልጅ ክትባት ሰጥቶ ካዳነ ወዲህ ግን በጊዜው የተከተበ ሰው ከሞት ይተርፋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ቀጥሎም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው ክትባቱን አያዘግይ።

በሽታው የዱር አራዊትንም ያጠፋል። በ1984 ዓ.ም. ገደማ፥ ደግሞም በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮ የፈጀው ከውሾች የተላለፈ ይኸው በሽታ ነው። በደቡብ ወሎም በቦረና ሳይንት ደጋ ቀይ ቀበሮ አለና፥ የጠገበና የተከተበ ውሻ ማኖር የአገርን ሀብት መጠበቅ ጭምር ነው።

7ኛ. በቤት ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው ሥርዓት

ቡችላው የራሱ ሳሕን ይኑረው፤ ከሰው ዕቃ ጋር አይታጠብ። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ተጠርጎ ይቀበር። ልጆች ቡችላውን ከነኩ በኋላና ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በሚበላበትም ጊዜ አይንኩት፤ የዋህ ውሻም ቢሆን ምግቡን የሚነጥቁት ከመሰለው ይነክሳል።

ለመምህራን፤ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለተማሪዎች ማቅረብ ይቻላል።

1. ለ3 ወር ተኩል ቡችላ በቀን ስንት ጊዜ ምግብ ይሰጠዋል? ስለ ምን?
2. ከእርጎና ከላም ወተት ለቡችላ ሆድ የሚቀለው የትኛው ነው? ምክንያቱስ?
3. ፊኛ የያዘ ጉበት ለውሻ ቢጣል እስከ ሕፃኑ የሚደርሰውን መንገድ በሥዕል አሳዩ።
4. በውሻ የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል?
5. በመጪው በዓል በቤታችሁ የሚታረደው በግ የሆድ ዕቃ እንዴት እንዲያዝ ለወላጆቻችሁ ትነግራላችሁ?

አምስተኛውን ጥያቄ ያጠና ተማሪ መልሱን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። አንድ ልጅ በአንድ የበዓል ቀን አባቱን «አባባ፥ ይህን ጉበት ለውሻ አይጣሉት፤ እንቅበረው» ቢለውና አባትም ቢሰማው፥ ይህ ትምህርት ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ዛሬ በአካፋ የሚቀበረውን ነገ በሐኪም ቢላዋ ለማውጣት አንጠብቅ።