ለሌሊት መንገድ የሚሆን የግንባር ባትሪ

የተራራ ጉዞና የንጋት ሩጫ በወጣቶቻችን ዘንድ እየተለመዱ መምጣታቸው የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ከጨለማ ጋር ያገናኛሉ። ሯጩ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ተራራ የወጣውም ሳያስበው ይመሽበታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ግንባር ባትሪ፣ ማለትም በላስቲክ ጥብጣብ ራስ ላይ ታስሮ ሁለቱንም እጆች ነፃ ስለሚያደርገው መብራት ጥቂት ለማለት አስበናል። ነገሩን ያወቅነው በማንበብ ብቻ አይደለም። ከፊሉን የተማርነው በአንዲት እኅታችን ስብራት ነው።

ባለፈው ጥር አሥራ አንድ ሆነን ከመናገሻ ሱባ ደን ተነሥተን ወደ ወጨጫ ተራራ ወጣን። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጫፉ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ስንቆርስና ስንጫወት ሰዓቱ አመለጠን። እንደሚታወቀው በአገራችን ፀሐይ ከገባች በኋላ ድንግዝግዙ ብዙ አይቆይም፤ ከጽዱ ጫካ ስንገባ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ጨለማውም ድፍን ነበር። በመካከላችን አምስት የግንባር ባትሪዎች ነበሩ። ከሁሉ ትልቁ፣ ካርቶኑ ላይ እጅግ የሚያስደንቅ ቁጥር የተጻፈበትና ሁላችንም የተመካንበት፣ ፊት ለሚመራው ወንድማችን ተሰጠ። መጀመሪያ ጫካውን ቀን አስመሰለው። አርባ ደቂቃ ያህል እንደ ተጓዝን ግን ሳይደክም፣ ሳያስጠነቅቅ ድርግም አለ። ከኋላው የነበረችው እኅታችን አንድ እርምጃ እንኳ ሳትጨምር ጎርፍ በቦረቦረው ቦይ ውስጥ ወደቀች፤ የእጅ አንጓዋም ተሰበረ። የቀሩት ባትሪዎች ደካሞች ስለ ነበሩ መኪና መንገድ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በማግሥቱ ሁሉም መሪውን ወቀሰ። እኛ ግን ጥፋቱ የሁላችን ነበር እንላለን፤ ባትሪውን የመረጥነው ካርቶን አይተን ነውና።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሉመን ይባላል። ሉመን ከመብራቱ በጠቅላላ የሚወጣውን የብርሃን መጠን ይናገራል እንጂ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ፣ ስንት ሰዓትም እንደሚቆይ አይናገርም። ደግሞም ብርሃን ሲርቅ እየተበተነ ይሳሳል፤ በእጥፍ ርቀት ለማየት የሚያስፈልገው አራት እጥፍ ብርሃን ነው። ስለዚህ 400 ሉመን የሚሰጥ ባትሪ 100 ከሚሰጠው ይልቅ የሚያሳየው እጥፍ ያህል ርቆ ብቻ ሲሆን፣ ድንጋዩን የሚበላው ግን አራት እጥፍ ገደማ ነው። ይህን ሒሳብ አስቀድመን አውቀን ቢሆን ኖሮ ያን ትልቅ ባትሪ ከፊት ባላስቀደምነው ነበር።

የሰዓቱም ቁጥር ማስተዋል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በወጣው የእጅና የግንባር ባትሪዎች መመዘኛ መሠረት፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ በመነሻው ከተለካው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። እንግዲህ 400 ሉመን ብሎ የጀመረ ባትሪ በመጨረሻው ሰዓት 40 ሉመን ብቻ ቢሰጥ እንኳ እንደ በራ ይቆጠርለታል። አንዳንዱም ካርቶን የሉመኑን ቁጥር ከከፍተኛው ብርሃን፣ የሰዓቱን ቁጥር ደግሞ ከዝቅተኛው ወስዶ ጎን ለጎን ይጽፋል። በገበያ ላይ ከሚታዩት ርካሽ ባትሪዎች ብዙዎቹ በምንም መመዘኛ የተለኩ አይመስሉንም።

ታዲያ ስንት ይበቃል? በድንኳን ውስጥ ለማብሰልና ለማንበብ 30 ሉመን ይተርፋል። በታወቀ መንገድ ለሚራመድ ከ100 እስከ 200 ይበቃዋል። ድንጋያማ ቁልቁለት የሚሮጥ ሰው ግን እግሩ ከዓይኑ እንዳይቀድም 300ና ከዚያ በላይ ቢይዝ መልካም ነው። በአስፋልት ዳር የሚሮጥም አብረቅራቂ ልብስ ይጨምር፤ ሾፌር ከኋላው ሲመጣ የግንባሩን ብርሃን አያይም።

ስለ ዓይን ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። ዓይናችን ጨለማን ለመልመድ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ በብርቱ ብርሃን ግን ልማዱን በቅጽበት ያጣል። በወጨጫ ያ ባትሪ ሲጠፋ ማናችንም ምንም ያላየነው ከዚህ የተነሣ ነው። ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ደካማ ቀይ ብርሃን የጨለማውን እይታ ብዙ አይጎዳም፣ የጓደኛንም ዓይን አያጠፋም። የግንባር ባትሪ ያሰረ ሰው ስሙ ሲጠራ ዞሮ ብርሃኑን በጠሪው ዓይን ላይ መልቀቁ የታወቀ ነው። (በዚያች ሌሊት ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ሲያበሩ አይተን ጅብ ነው ብለን ተጯጩኸን ነበር፤ በግ ሆኖ ተገኘ። ከዓይናቸው በስተ ኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ያላቸው እንስሳት ብዙ ናቸው።)

ግንባር ላይ የታሰረ መብራት አንድ ጉድለት አለው። ለዓይን ቅርብ ስለ ሆነ የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ ኋላ ይሸሸጋል፣ ጎርበጥባጣው መሬትም ሜዳ ይመስላል። በጉምና በአቧራ ደግሞ ብርሃኑ ተመልሶ ፊታችን ላይ ይነጣል። ያን ጊዜ ከራስ ፈትቶ ወገብ አጠገብ በእጅ መያዝ ይሻላል፤ ጥላው ይወጣል፣ ጉሙም ብዙ አያስቸግርም።

በየቀኑ ቤቱ ለሚመለስ ሯጭ በኤሌክትሪክ የሚሞላው ባትሪ ይስማማዋል። ወደ ሰሜን ተራሮች ሦስት አራት ቀን ለሚሄድ ግን ድንጋዩ የሚለወጠውን እንመርጥለታለን። በራስ ዳሸን አካባቢ ሌሊቱ ውኃ የሚያረጋ ብርድ አለው፤ ብርድ ደግሞ ድንጋይን ያደክማል። ስለዚህ ትርፉን ድንጋይ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ መያዝ ነው። በሻንጣ ውስጥ ሳይታወቅ በርቶ እንዳያልቅም አንዱን ድንጋይ አውጥቶ መጓዝ ይበጃል። ለክረምት ዝናብ አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ምልክት ያለው በቂ ነው፤ 7 የሚለው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢገባ የሚችል ነው።

በየካቲት ወር የማኅበሩን አባላት ባትሪዎች ሰብስበን ፈተንናቸው። ሰባቱንም አዲስ ድንጋይ አጉርሰን ወይም ሞልተን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከግድግዳ ፊት ደርድረን አበራናቸው። ጄሶዋ ገና ያልተፈታላት እኅታችን በደኅናው እጇ ሰዓቱን መዘገበች። ያ ትልቁ ባትሪ በ38 ደቂቃ ድርግም አለ። ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሦስቱ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ቆዩ። ሲነጋ የምታበራ አንዲት ብቻ ነበረች። ያቺም በካርቶኗ ላይ 120 ሉመን የተጻፈባትና በወጨጫ ማንም ፊት እንድትሄድ ያልፈለጋት ትንሿ ናት። አሁን መሪው ወንድማችን የሚያስረው እርሷን ነው፤ ትርፍ ድንጋዩን የምትይዘውም እኅታችን ናት።