ልጅዎ ጋዜጠኝነት ልማር ካለዎት

የአንደኛ ዓመት ውጤት ታውቆ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ ስልኩ ይጮሃል፦ «ጋዜጠኝነት ልሙላ?» ሰርቦ ለሚኖር ወላጅ ጅማ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን እንደ ጎረቤት ያውቀዋል። የትምህርት ክፍሉ ግን ሌላ ነገር ነው። እሺም እምቢም ሳይሉ ጥቂት ያጣሩ።

መጀመሪያ ስሙን። ጅማ ላይ የሚሰጠው ሚዲያና ኮሙኒኬሽን ይባላል። ከዜና ጋር የሕዝብ ግንኙነትም አለበት፤ ተመራቂው በመንግሥት ኮሙኒኬሽን ቢሮም ሊቀጠር ይችላል። ባለሥልጣንን መጠየቅና በባለሥልጣን ስም መናገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ልጅዎ የትኛውን ነው የፈለገው?

ትምህርቱ በአገራችን ገና ወጣት ነው። የቀደሙት ጋዜጠኞች ሙያውን የለመዱት ዜና ክፍል ተቀምጠው፣ በአለቃ ቀይ እስክሪብቶ ነው። የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 በኖርዌይ ድጋፍ የጀመረው ደግሞ ከሁለተኛ ዲግሪ ነበር። ቤቱ ከጣራው ተጀመረ ማለት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቋቋም መሠረቶቹ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ስለነበሩ፣ ጋዜጠኝነት እዚያ ግቢ ዘግይቶ የገባ እንግዳ ነው። ስለዚህ መምህራኑ ዜና ክፍል ሠርተው ያውቁ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ተማሪው በዩኒቨርሲቲው የማህበረሰብ ሬዲዮ ማይክሮፎን ፊት የሚቀመጠው በየስንት ጊዜው ነው? የልምምዱ ቦታስ የት ነው? ለእኔ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የዚህ መልስ ይበልጣል።

ቋንቋውን አይርሱ። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰርቦ ገበያ የሚያወሩት ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። ልጁን አሁኑኑ መሞከር ይችላሉ። በገበያ ቀን ይላኩት፦ የእሸት ቡና ዋጋ ስንት ዋለ፣ ከነቅርፊቱ የደረቀው ጀንፈልስ? ሻጩ ምን አለ፣ የሚገዛው አቅራቢ ምን አለ፣ ሁለቱ ለምን አልተስማሙም? ማታ አሥር መስመር ጽፎ ያንብብልዎ። ቁጥሩን ከአንድ ሰው ብቻ ሰምቶ ከመጣ ይመልሱት። ሳያኮርፍ ከተመለሰ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቴሌቪዥን ላይ መታየት ብቻ ከሆነ የሚያምረው፣ ይህ ፈተና ያስታውቅበታል።

ከእርስዎ ፈተና ሌላ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ አራቱን ዓመት ቢጨርስም ዲግሪውን አይይዝም።

ሥራውስ? ጋዜጠኛ ለመሆን እንደ ሐኪም የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ቋንቋ የተማረውም ለዚያው ወንበር ይወዳደራል። ግብርና የተማረ ስለ ቡና በሽታ ሲዘግብ ሰምተው ያውቁ ይሆናል። ልጅዎም ከጋዜጠኝነቱ ጎን አንድ ጠንቅቆ የሚያውቀው ጉዳይ ይኑረው፤ ሰርቦ ላደገ ልጅ ቡናው ደጁ ላይ ነው።