ስለ ዋጋ ክርክር

ቀድሞ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ግን ወደ ምዕራብ፥ ወደ መርካቶ ተዛወረ።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለክረምት ዕረፍት ከደብረ ብርሃን በመጣ ጊዜ አጎቱ ይህን ገበያ ሊያሳየው ወሰደው። በቅመም ተራ የበርበሬና የኮረሪማ ሽታ ተቀበላቸው፤ በሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ተሰቅሎ አዩ። በምናለሽ ተራም ሠራተኞች አሮጌ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ምድጃ ሲሠሩ አገኙ።

ልጁ ለእናቱ የከሰል ምድጃ ሊገዛ ዋጋ ጠየቀ። ሽማግሌው ሠሪ፦ «400 ብር ነው፤ ለአንተ ግን 350 ይሁን» አለው። ልጁም፦ «ወዲያ ማዶ በ250 ይሸጣሉ» አለ። ሽማግሌው መዶሻውን አስቀምጦ ጥቂት ዝም አለ፤ ቀኑም መሽቶ ነበርና በተባለው ዋጋ ሰጠው።

በመንገድ አጎቱ፦ «በ250 ሲሸጥ ወዴት አየህ?» ሲል ጠየቀው። ልጁ አላየም ነበርና አፈረ። አጎቱም፦ «ልጄ፥ ዋጋ መከራከር የገበያ ልማድ ነው። ከዚህ በላይ አልችልም ብትለው ነውር አልነበረም። ያላየኸውን አየሁ ብለህ ያስቀረኸው 100 ብር ግን የሰውየው የእጁ ድካም ነው» አለው።

ልጁ ሮጦ ተመለሰ፤ እውነቱንም ተናግሮ መቶውን ብር ሰጠ። ሽማግሌው፦ «እደግ፥ ተመንደግ» ብሎ መረቀው።

ልጆች ሆይ፥ በገበያ ገንዘባችሁን ጠብቁ፤ ከገንዘባችሁ ይልቅ ቃላችሁን ጠብቁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።