በክረምት ስላየናቸው ፊልሞችና ስለ ላንጋኖ ጉዞአችን

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ወደ ደብረ ብርሃን በተመለስን ጊዜ፣ እኛ የአንድ ቤት ልጆች ሁለት ነገር ለማድረግ ተስማምተን ነበር። አንደኛው ሳናያቸው የቀሩትን ፊልሞች ማየት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከቤተሰባችን ጋር አንድ ቀን ሐይቅ ዳር መዋል ነው። የከተማችንን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ የፊልሙን ምክንያት አይጠይቀንም። ጉሙ ከበረሳ ወንዝ ተነሥቶ ደጅ ላይ ሲቆም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፊልም ከማየት የተሻለ ምን አለ? (የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጆች መሆናችንም ይታሰብልን።)

ነገር ግን በቤታችን ፊልም የሚባለውን የማይወዱ አያት አሉን፤ የአንኮበር ሰው ናቸው። እኛ ስናይ እርሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ጥጥ ይፈትላሉ። ይህ አመለካከት በእርሳቸው የተጀመረ አይደለም። ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ኋላ በአዲስ አበባ ለተከፈተው የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። ሰው በግድግዳ ላይ ሲሮጥ በድንገት ያየ ሌላ ምን ይበል! አሠራሩ ግን ምትሐት የለበትም። የቆሙ ሥዕሎች በአንድ ሴኮንድ 24 ሆነው በተከታታይ ያልፋሉ፤ እንቅስቃሴውን የሚሞላው የገዛ አእምሮአችን ነው። ይህንን ለአያታችን ብናስረዳቸው፣ «ታዲያ የቆመ ነገር ነዋ የምታዩት!» ብለው አሳቁን። መልስ አላገኘንላቸውም።

በጠቅላላው አሥራ አንድ ፊልም አየን። አብዛኞቹ በፍላሽ የተቀዱ የውጭ አገር የድብድብ ፊልሞች ስለ ነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ ታሪካቸውን እንኳ መለየት ያቅተናል። በልባችን የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የአገራችን ልጆች የሠሩአቸው።

የመጀመሪያው ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል የቀረበ ሲሆን፣ በዚያ በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሲሄድ የቀረችው ጓደኛ አንዲት በግ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። የበግ አገር ልጆች ስለሆንን ነገሩ ቅርባችን ነበር። ታናሽ ወንድማችን ለእንቁጣጣሽ በግ ሲገዛ ገበያ አልሄድም ብሎ አስቸግሮ ነበር፤ ከወጡ ግን አልቀረም።

ሁለተኛው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቀርጾ በ1976 ለሕዝብ የቀረበ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ። በባለመሬት ሥር የሚኖር የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ሲሆን፣ ለችኩል ሰው አይሆንም። ሰው ሲራመድ እስኪደርስ ድረስ ያሳያል፤ በሬው ሲያርስ ትልሙ እስኪያልቅ ያሳያል። በመጀመሪያው ሰዓት ሁለታችን እንቅልፍ ወስዶን ነበር። በኋላ የገባን ግን ድካሙ ራሱ ታሪኩ መሆኑን ነው።

በዚህ ፊልም ውስጥ የገበሬው ልጅ ከብት ለማዳን ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። እዚህ ላይ ስንደርስ አባታችን ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። አያታችን ደግሞ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እንዝርቱን ብቻ አቁመው፣ «ውሃ ወሰዳት?» ብለው ጠየቁ። በድምፁ ብቻ ነው ያወቁት። እኛም አክስት እንደ ነበረችን የሰማነው በዚያ ምሽት ነው። የአባታችን ታላቅ እኅት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከአንኮበር በታች ባለ ወንዝ ጥጃ ስታሻግር ቀርታ ኖሯል። እዚያ ዝናብ አልነበረም፤ የዘነበው ወደ ላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። አባታችን ሕፃን ሆነው ከዳር ቆመው አይተዋል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የእኛም ጓደኞች ክረምት በመጣ ቁጥር ይሻገራሉና። ደራሽ ውሃ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ ይመጣል። በኃይል የሚሮጥ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ የደፈረሰ ስለሆነም ጥልቀቱ አይታይም። ጥርት ያለው ውሃ በድንገት ቢደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ቢመጣ፣ ወይም ከላይ ጉምጉምታ ቢሰማ መሻገር ቀርቶ ዳሩ ላይ መቆምም አይገባም። ከብቱም ቢሆን ይቅር።

ከዚያ በኋላ የሐይቁን ጉዞ ለማንሣት አፈርን። እኛ ዝም ብንልም በነሐሴ መጨረሻ «ቃል ቃል ነው» ብለው ሚኒባስ የተከራዩት አባታችን ራሳቸው ናቸው። ሌሊት ተነሥተን በአዲስ አበባ፣ በሞጆና በባቱ አልፈን ላንጋኖ ደረስን። ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,600 ሜትር ስንወርድ ሹራቦቻችን አንድ በአንድ ወለቁ። የላንጋኖ ውሃ ሻይ በወተት ይመስላል፤ መልኩን የሚሰጠው በውስጡ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ይህ መልክ ለአባታችን ምን እንደሚያስታውሳቸው ያሰብነው እዚያ ደርሰን ነው።

እናታችን አሸዋው ላይ ዳቦ ቆረሱ። አባታችን ብዙ ቆይተው ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ትንሿን እኅታችንን በእጅ አንጓዋ ይዘው ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ እዚያው ቆሙ። እርስዋ «ልቀቁኝ» ትላለች፤ እርሳቸው አይለቁም። ከዚያ ቀን ፎቶ ያነሣነው ይህንን ብቻ ነው።

በማግስቱ ማታ ስንመለስ አያታችን ሳይተኙ ቆዩን። ፎቶውን አሳየናቸው። በጣታቸው ልጃቸውን ነክተው፣

«ውሃው ይሮጣል?» አሉ።

«የለም፣ የቆመ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያ በሚመጣው እኔንም ውሰዱኝ» አሉን።