የራኩን አደን በአሜሪካ፦ ስልትና ውሳኔ

ራኩን በአብዛኛው በሌሊት የሚንቀሳቀስ የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት የማደኛ ስልቶችን ያነጻጽራል።

ራኩን ሲባረር ዛፍ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አዳኞች አነፍናፊ ውሾችን ይለቃሉ፤ ውሻው ዱካ ሲከተል የሚያሰማው ረጅም ጩኸት ከዛፉ ሥር ሲሆን በአብዛኛው አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን፣ አዳኙ በጨለማ በጆሮው ይመራል። ሁለተኛው ስልት፣ ምግብ ያለበት የቱቦ ወጥመድ፣ ራኩን በፊት እግሮቹ ዳስሶ ምግብ የመፈለግ ልማዱን ይጠቀማል።

መሠረታዊው ልዩነት ውሳኔው የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ወጥመድ አዳኙ በሌለበት ይይዛል፤ እንስሳው በኋላ ቢለቀቅም አስቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። በውሻ ሲታደን ግን አዳኙ በመብራት አይቶ መተኮስን ወይም መተውን ይመርጣል። ስለሆነም ስልቶች ሲመዘኑ የተያዘው ብዛት ብቻ ሳይሆን የመተው ዕድልም ሊታይ ይገባል።