መርዛማ ማዕድናት ከደም ወደ አንጎል እንዴት ይገባሉ?

አንድ ልጅ በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር ምክንያቱን በስንፍና ወይም በአስተዳደግ ላይ መፈለግ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ለዓይን የማይታይ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ማዕድን ሊሆን ይችላል። በዚህ ትምህርታችን እርሳስንና ሜርኩሪን አንስተን ከደም ወደ አንጎል የሚገቡበትን መንገድ እንመለከታለን። እርሳስ ስንል ተማሪዎች የሚጽፉበትን ማለታችን አይደለም፤ የዚያ መሐሉ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ነው። የምንናገረው በመኪና ባትሪ ውስጥ ስለሚገኘው ከባድ ማዕድን ነው።

የአንጎል አጥር

ደም ወደ ሁሉም የሰውነት ክፍል ይደርሳል፤ የተሸከመው ሁሉ ግን ወደ አንጎል አይገባም። በአንጎል ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው የተሠራው እርስ በርስ አጥብቀው በተያያዙ ሕዋሳት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊሽ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ በእንስሳት ደም ውስጥ የተጨመረ ቀለም ሌላውን አካል ሲያቀልም አንጎል ሳይነካ መቅረቱን ገልጾ ነበር።

ሆኖም አጥር ያለ በር አይሆንም። አንጎል ስኳር፣ ካልሲየም፣ ብረትና ፕሮቲን የሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነዚህን የሚያሳልፉ የየራሳቸው በሮችም አሉ። መርዛማ ማዕድናት በአብዛኛው የሚገቡት አጥሩን ሰብረው ሳይሆን በእነዚሁ በሮች፣ ጠቃሚውን መስለው ነው።

እርሳስ ካልሲየምን መስሎ

በደም ውስጥ ያለው እርሳስ አብዛኛው በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ወደ አንጎል የሚሻገረው በፈሳሹ የደም ክፍል ያለው ጥቂቱ ነው። እርሳስ በኤሌክትሪክ ሙሉ ካልሲየምን ስለሚመስል ለካልሲየም በተሠራው በር ያልፋል። ከገባ በኋላም በነርቮች መካከል መልእክት በሚተላለፍበት ሥፍራ የካልሲየምን ቦታ ይሻማል፤ መማርና ማስታወስም በዚህ ይታወካሉ። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የአጥሩን ሕዋሳት ራሳቸውን ይጎዳል፤ አንጎል ያብጣል፣ ሕፃኑም በሚጥል ሕመም ይያዛል።

ይህ የወረቀት ላይ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ፣ በዛምፋራ ግዛት፣ ነዋሪዎች ወርቅ ለማውጣት እርሳስ ያለበትን ድንጋይ በየቤታቸው ይፈጩ ነበር። አቧራው በግቢው አፈር ላይ አረፈ፤ ከአፈሩም በልጆች እጅ ወደ አፋቸው ገባ። በዚህ አደጋ ቢያንስ 400 ሕፃናት ሞተዋል።

ሜርኩሪ ምግብን መስሎ

ሚቲል ሜርኩሪ የተባለው የሜርኩሪ ዓይነት በደም ውስጥ ሲስቲን ከተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር ጋር ይጣበቃል። ጥንዱም ሜቲዮኒን የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚመስል የአንጎል በር እንደ ምግብ ይቀበለዋል። ከ1971 እስከ 1972 በኢራቅ ገበሬዎች ለዘር ብቻ የመጣና በዚህ መርዝ የታሸ ስንዴ ታደላቸው። ማስጠንቀቂያው በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ነበርና ብዙዎች ዳቦ ጋግረው በሉት። ሕመሙ ወዲያው ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ብቅ አለ። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሰዎች መካከል 459ኙ ሞቱ።

የተራበ ልጅ በር ሰፊ ነው

እዚህ ላይ አጥብቀን ልንይዘው የሚገባን ቁም ነገር አለ። ሰውነት ብረትና ካልሲየም ሲያጥረው፣ ያገኘውን ሁሉ ለመሰብሰብ በአንጀት ያሉትን በሮች ይጨምራል። እርሳስም ከሚፈለገው ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚያስገቡት ከአዋቂዎች 4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አሳዳጊ ያጣ፣ በልቶ የማይጠግብ ሕፃን በአንድ ግቢ ከሚጫወተው ጠግቦ አደር ጓደኛው ይልቅ ለመርዙ የተጋለጠ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ወተት፣ ምስርና ጎመን ማቅረብ ሆዱን ከመሙላት አልፎ አእምሮውን መጠበቅ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ከምንጩ እንራቅ። ያረጀ ባትሪ በግቢ ውስጥ አይሰበር፣ አይቅለጥ። በዚህ ሥራ የተሰማራ ሰው ልብሱን ሳይቀይርና ሳይታጠብ ሕፃን አይቀፍ።
2. ምንነቱ ያልታወቀ ጥቁር ኩል ለሕፃን አይኳል። በብዙ አገሮች በተመረመሩ የኩል ዓይነቶች እርሳስ ተገኝቷል፤ ልጁም ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይልሳል።
3. የታሸ የዘር እህል፣ ቢታጠብም እንኳ፣ አይበላ።
4. ልጆች ከመመገባቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፤ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።
5. ጥርጣሬ ካለ የደም ምርመራ እንዲደረግ ሐኪም ይጠየቅ።

እርሳስን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ የከፋ መመረዝ የደረሰበትንም ሕይወት ያድናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱ በልጆቹ ደም ውስጥ የነበረውን እርሳስ ቢቀንስም የአእምሮ ውጤታቸውን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። በሩን አልፎ የገባው ያደረሰውን ጉዳት መመለስ እንዲህ አስቸጋሪ ነውና ጥበቃችን ከበሩ ውጭ ይሁን።